የጉዞ ተሳቢ ቤት

የጉዞ ተሳቢ ቤት (ተጎታች ቤት ወይም ካራቫን) ከመኪና ኋላ ተያይዞ የሚጎተት፣ በውስጡ መኝታና ማብሰያ፣ አብዛኛውን ጊዜም መጸዳጃ ያለው ተንቀሳቃሽ ማረፊያ ነው። የራሱ ሞተርና መሪ ስለሌለው «ሞተርሆም» ከሚባለው የመኪና ቤት ይለያል። በሰሜን አሜሪካ ሁለቱም በአንድነት «አርቪ» ይባላሉ። በእስራኤል ግን «ካራቫን» የሚለው ቃል ተገጣጥሞ የሚቆም ጊዜያዊ ቤትንም ያመለክታል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ከኢትዮጵያ ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖሩት እንደዚህ ባሉ ሰፈሮች ነበር። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ለጉዞ የሚሳበውን ዓይነት ብቻ ነው።

በአሮጌና በአዲስ ሞዴሎች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከመልክ ይልቅ በኤሌክትሪክ፣ በውሃ፣ በግድግዳና በመቆጣጠሪያ አሠራር ላይ ይታያል። አዲሶቹ ቀድሞ በእጅ ይሠራ የነበረውን ብዙ ሥራ በራሳቸው ይሠራሉ። በአንጻሩ ክብደታቸው ጨምሯል፤ ሲበላሹም ባለቤቱ በራሱ ሊጠግናቸው የሚችለው ነገር ቀንሷል።

## ታሪክ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመዝናኛ ተብለው ከተሠሩ ቀደምት ተሳቢ ቤቶች አንዱ በ1885 በብሪታንያ ለዶክተር ጎርደን ስቴብልስ የተሠራው በፈረስ የሚጎተተው «ዋንደረር» ነው። አውቶሞቢል ከተስፋፋ በኋላ ልማዱ በአሜሪካ በረታ፤ በ1919 በፍሎሪዳ ግዛት ታምፓ ከተማ «ቲን ካን ቱሪስትስ» የተባለ የመንገደኞች ማኅበር ተቋቋመ።

በ1934 የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ሠሪው ሆውሊ ቦውለስ «ሮድ ቺፍ» የተባለ፣ እንደ አውሮፕላን አካል በአሉሚኒየም ቆርቆሮና በሪቬት የተሠራ ተሳቢ አወጣ። በ1936 የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም በተመሳሳይ ዘዴ «ክሊፐር»ን አቀረበ። ክሊፐር አራት ሰው ያስተኛ ነበር፤ የራሱ የውሃ ማጠራቀሚያና የኤሌክትሪክ መብራትም ነበረው። በ1957 ደግሞ ኩባንያው «ኢንተርናሽናል» የተባለውን ሞዴል አወጣ። ይህ ሞዴል መብራቱን፣ ውሃውንና መጸዳጃውን ይዞ የሚጓዝ በመሆኑ ከመስመር ጋር ሳይገናኝ ማደር የሚያስችል ነበር።

የዚህ ራስን የመቻል ትልቅ ፈተና የተካሄደው በአፍሪካ ነው። በ1959 እና በ1960 በባያም የሚመራ 41 ተሳቢ ቤቶች ያሉት ቡድን ከኬፕታውን ተነሥቶ ካይሮ ደርሷል። ቡድኑ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያለፈ ሲሆን በአዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለውታል። ዛሬ የአሜሪካ አርቪ ኢንዱስትሪ ማዕከል በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የኤልክሃርት አካባቢ ነው።

## አካልና ክብደት

በርካሽ ይሠሩ የነበሩ አብዛኞቹ አሮጌ ተሳቢዎች የእንጨት አጽም፣ ከውጭ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ደግሞ ኮምፔርሳቶ የለበሱ ናቸው። በአዲሶቹ ውስጥ የተለመደው ግን የአሉሚኒየም አጽም፣ ፎምና ፋይበርግላስ በአንድነት ተጣብቀው የሚሠሩት ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ይይዛል፤ ለማጽዳትም ቀላል ነው። ነገር ግን ውሃ ገብቶ ማጣበቂያው ከለቀቀ ግድግዳው ያብጣል። በእንጨት አጽም ላይ የበሰበሰውን ጣውላ ብቻ ነቅሎ መለወጥ ይቻላል፤ በተጣበቀው ግድግዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ክፍል መለወጥ ያስፈልጋል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው «ተንሸራታች ክፍል» ተሳቢው ሲቆም ወደ ውጭ እየወጣ የቤቱን ወለል ያሰፋል። ለቤተሰብ ትልቅ ምቾት ነው። ሆኖም ሞተር፣ ሐዲድና የጎማ ማሸጊያ ስለሚጨምር ክብደትም ውሃ የሚገባበት ተጨማሪ ቀዳዳም ያመጣል።

የክብደቱ ለውጥ በአንድ ስም በሚጠራ ሞዴል ላይ ሊታይ ይችላል። በ1961 የወጣው ባለ 16 ጫማ (5 ሜትር ገደማ) «ባምቢ» ባዶውን ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ነበር። በዚሁ ስም ዛሬ የሚሠራው ባለ 16 ጫማ ተሳቢ ባዶውን 1,350 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

## ኤሌክትሪክ

በአሮጌውም በአዲሱም የመብራት መስመሩ 12 ቮልት ነው፤ የተለወጠው ፍጆታውና ባትሪው ነው። አንድ አሮጌ አምፖል 18 ዋት ገደማ ሲወስድ ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ከ3 ዋት አይበልጥም። አምስት አምፖሎች ቢበሩ አሮጌዎቹ 90 ዋት (7.5 አምፔር)፣ ኤልኢዲዎቹ 15 ዋት (1.25 አምፔር) ይስባሉ ማለት ነው። የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከአቅሙ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቢወሰድ ይመረጣል። ስለዚህ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አሮጌዎቹን አምፖሎች ከ7 ሰዓት ላነሰ ጊዜ፣ ኤልኢዲዎቹን ግን 40 ሰዓት ያህል ያበራል።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ያለጉዳት ይሰጣል፤ ክብደቱም ከሊድ አሲዱ ግማሽ በታች ነው። በጣሪያ ላይ ከሚገጠም የሶላር ፓነል ጋር ሲደመር ለመብራት፣ ለስልክና ለውሃ ፓምፕ ይበቃል። ኤርኮንዲሽነር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለተሳቢ የተለመደው ኤርኮንዲሽነር ሲሠራ ከ1,300 እስከ 1,500 ዋት ስለሚፈልግ፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ አንድ ሰዓት አያቆየውም። ስለዚህ በአዲስ ተሳቢም ቢሆን ለረጅም ሰዓት ማቀዝቀዝ የካምፕ መስመር፣ ጄነሬተር ወይም ብዙ ባትሪ ይጠይቃል።

## ፍሪጅ፣ ጋዝና ማሞቂያ

ለብዙ ዓመታት በተሳቢ ቤቶች ውስጥ የነገሠው ፍሪጅ በ1922 ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ በፈጠሩት የመምጠጥ ዘዴ ይሠራል። በትንሽ የጋዝ እሳት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አሞኒያ በቱቦ ውስጥ እየዞረ ያቀዘቅዛል። የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ ድምፅም አያሰማም። ጉድለቱ ቆሞ ሲሠራ ሜዳ ላይ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ ተሳቢው አዘንብሎ ከቆመ ፈሳሹ በትክክል አይዞርም፣ ሲደጋገምም ፍሪጁ ይበላሻል። በአዲሶቹ እየበዛ ያለው ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ ማዘንበልን ይችላል፤ ቶሎም ያቀዘቅዛል። ነገር ግን በጋዝ ስለማይሠራ ባትሪው ካለቀ ምግቡ ይበላሻል።

የውሃ ማሞቂያም እንዲሁ ተለውጧል። በአሮጌዎቹ ባለቤቱ ወደ ውጭ ወጥቶ እሳቱን በክብሪት ይለኩስ ነበር፤ የተለመደው ማጠራቀሚያም 23 ሊትር ገደማ ይይዛል። በአዲሶቹ ማሞቂያው ከውስጥ በማብሪያ ይነሣል። አንዳንዶቹም ያለ ማጠራቀሚያ ቧንቧው ሲከፈት ብቻ ያሞቃሉ።

## ውሃና መጸዳጃ

ሙሉ ዕቃ ያለው ተሳቢ ሦስት ዓይነት ታንከር አለው፦ ለንጹሕ ውሃ፣ ከሲንክና ከሻወር ለሚወጣ እጣቢ፣ እንዲሁም ለመጸዳጃ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ለእጣቢው ታንከር አልነበራቸውም፤ ውሃው በቱቦ ወደ ባልዲ ወይም ወደ መሬት ይፈስ ነበር። ዛሬ ብዙ ካምፖች ይህን ስለሚከለክሉ አሮጌ ተሳቢ የሚያድሱ ሰዎች አስቀድመው ከሚጨምሩት ነገር አንዱ ይህ ታንከር ነው።

## መሳብና ፍሬን

ተሳቢው በጋንጮው ላይ የሚጥለው ጭነት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። 2,000 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ተሳቢ ይህ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ይህ ሕግ በሁሉም ዘመን አንድ ነው። አዲሶቹ የጨመሩት መወዛወዙን አውቆ የተሳቢውን ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ፣ በአንዳንዶቹም የዲስክ ፍሬን ነው። በ2022 ኤርስትሪም የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ያለውን «ኢስትሪም» የተባለ የሙከራ ሞዴል አሳይቷል፤ ሐሳቡ የሚስበውን መኪና ሸክም ማቃለል ነው።

## የመቆጣጠሪያ ሥርዓት

በአሮጌ ተሳቢ አንድ መብራት ካልበራ የሚፈተሸው አምፖሉ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያውና ሽቦው ነው፤ ቴስተር ያለው ሰው ችግሩን ያገኘዋል። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ግን ማብሪያው መልእክት ላኪ ብቻ ነው። መልእክቱ «አርቪ-ሲ» በተባለ፣ ከመኪናዎች «ካን» መረብ በተወሰደ ደንብ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ፍጥነት ወደ መቆጣጠሪያው ይሄዳል፤ መብራቱን የሚያበራው መቆጣጠሪያው ነው። በዚህም ምክንያት የታንከር መጠንን፣ ባትሪን፣ ተንሸራታች ክፍልንና ተሳቢውን በራሱ የሚያስተካክለውን ክሪክ ከአንድ ስክሪን ወይም ከስልክ መቆጣጠር ይቻላል።

ችግሩ የሚመጣው መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ነው። አንድ ሰሌዳ ብዙ ሥራ ስለያዘ ብዙ ነገር አብሮ ይቆማል። ሠሪው ያንን ሰሌዳ ማምረት ወይም የስልክ መተግበሪያውን ማደስ ካቆመም የሜካኒክ ጉድለት የሌለበት ተሳቢ ያለ አገልግሎት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ተንሸራታች ክፍሉንና ክሪኩን በእጅ ማንቀሳቀሻ መኖሩ በአዲስ ሞዴል ላይ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።

## የውስጥ አየርና ደኅንነት

አዲስ መሆን ብቻውን ለጤና ዋስትና አይደለም። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተፈናቃዮች ባደለው ተሳቢ ቤት የገቡ ሰዎች የዓይንና የመተንፈሻ ሕመም ሲያሰሙ፣ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ 519 ተሳቢና ተንቀሳቃሽ ቤቶችን መረመረ። በ2008 ይፋ በሆነው ውጤት የፎርማልዴሃይድ ጋዝ አማካይ መጠን በቢሊዮን 77 እጅ ሆኖ ተገኘ። ጋዙ የሚወጣው ከቺፑድና ከኮምፔርሳቶ ማጣበቂያ ነው፤ መጠኑም ቤቱ አዲስ፣ ሞቃትና ዝግ ሲሆን ይጨምራል። ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአሜሪካ የእንጨት ውጤቶች ደንብ አርቪዎችንም ይመለከታል።

በአሮጌዎቹ በኩል ያለው አደጋ ሌላ ነው፦ ያረጀ የጋዝ ቱቦ፣ እንዲሁም የጋዝ ፍሳሽንና የካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለመኖር። መሣሪያው ቢኖርም የማብቂያ ቀን አለው፤ ቀኑ ያለፈበት እንደሌለ ይቆጠራል።

## ያገለገለ ተሳቢ ሲመረመር

የተሳቢ ዕድሜ በወጣበት ዓመት ብቻ አይለካም። በደንብ የተያዘ የ30 ዓመት ተሳቢ ውሃ ከገባበት የ5 ዓመት ተሳቢ ሊሻል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው፦

- ውሃ፦ በማዕዘን፣ በመስኮትና በጣሪያ ቀዳዳ ዙሪያ እድፍ፣ ሽታ ወይም ሲጫኑት የሚሰምጥ ወለል።
- ጎማ፦ በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ «2319» በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ሳያልቅ በዕድሜ ይፈነዳል።
- ሻንሲ፦ በብየዳዎቹ ላይ ስንጥቅና ዝገት።
- ክብደት፦ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ክብደትና የሚስበው መኪና አቅም መመጣጠኑ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 150 ሊትር ታንከር ሲሞላ 150 ኪሎ ይጨመራል።
- መሣሪያዎች፦ ፍሪጁ፣ ማሞቂያውና ተንሸራታች ክፍሉ በሻጩ ፊት ሠርተው መታየታቸው። የመምጠጥ ፍሪጅ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈልግ ከአንድ ቀን በፊት እንዲበራ ይጠየቃል።