መጃጀት ከየት ይጀምራል?

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ግብፅ፣ ስዊዝ ቦይ መሀል ያለው መራራ ሐይቅ። «ኩዊንሲ» በምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወጋሉ። አንደኛው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሌላኛው በያልታ ከስታሊንና ከቸርችል ጋር ከጦርነቱ በኋላ ስለምትመጣው ዓለም ሲደራደሩ ሰንብተው የመጡት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት።

የዚያን ሰሞን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩአቸው። ሩዝቬልት ከስተዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል። ገና የ63 ዓመት ሰው እኮ ናቸው! ጃንሆይ ከዚያ ቀን በኋላ 30 ዓመት ኖሩ። ሩዝቬልት ግን የቀራቸው 58 ቀን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ውስጥ፣ ዋርም ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ ሰዓሊ ፊት ተቀምጠው ምስላቸው ሲሳል ጭንቅላቴን አመመኝ አሉና ተዝለፈለፉ። ሐኪሙ ሲለካቸው የደም ግፊታቸው ከ300/190 በላይ ነበር። ጤነኛ የምንለው 120/80 አካባቢ መሆኑን አስታውሱ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን አረፉ።

ነገሩ ድንገተኛ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 1944፣ ሃዋርድ ብሩን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም መርምሯቸው 186/108 አግኝቷል። ልባቸውም ደክሞ ነበር። ዋናው ሐኪማቸው አድሚራል ማኪንታየር (በነገራችን ላይ የጆሮና የአፍንጫ ስፔሻሊስት ነበሩ) ለሕዝቡ «ፕሬዚዳንቱ ደኅና ናቸው» ማለታቸውን አላቆሙም። እውነቱን ቢናገሩትስ? ያኔ ግፊትን በአግባቡ የሚያወርድ ክኒን አልነበረም። ጨው ቀንስ፣ ሲጋራ ቀንስ፣ እረፍ ነው ሕክምናው። እንዲያውም ብዙ ሐኪሞች ሰው ሲያረጅ ደም ስሩ ስለሚደድር፣ ደሙን ለመግፋት ግፊቱ መጨመሩ የተፈጥሮ ሥራ ነው፣ ባይነካ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር።

ሩዝቬልትን የተኩት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊ የልብ ሕግን ፈረሙ። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ታላቁ ጥናት ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከታመመው ሰው ጀምሮ ወደ ኋላ ከመጠየቅ ይልቅ 5,209 ወንዶችና ሴቶችን መዝግቦ በየሁለት ዓመቱ እየመረመሩ ማን እንደሚታመም መጠበቅ። ከዚያች ከተማ ነው ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ለልብ በሽታ አጋላጭ መሆናቸውን ዓለም የተማረው። መድኃኒቱም ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1970 የወጡ ጥናቶች ግፊትን በክኒን ማውረድ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳዩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። የፍራሚንግሃም ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። የእነሱ ደም ስር ስለ ሌላው ሰው ይመሰክራል?

አንዱ መልስ ከሃዋይ መጣ። ሆኖሉሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ 8,006 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶች ለልብ ጥናት ተመዘገቡ። ሰዎቹ ሲያረጁ ተመራማሪዎቹ ትውስታቸውንና አስተሳሰባቸውን መፈተን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ውጤት በጉልምስናቸው የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ከፍ ያለ የነበሩት፣ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ አእምሯቸው ይበልጥ ተዳክሞ መገኘቱን አሳየ።

ሌላው መልስ ከአፍሪካ ነው። በናይጄሪያዋ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን አረጋውያን በአንድ ዓይነት ምርመራ ተነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ታተመ። በዓመት አዲስ የመርሳት ሕመም የሚይዛቸው ኢባዳን ውስጥ 1.35 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 3.24 በመቶ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ! የዘር ግንዳቸው ምዕራብ አፍሪካ ላይ የሚገናኝ ሰዎች ናቸው። ኑሯቸው ግን ተለያይቷል፤ በኢባዳን ግፊቱም ኮሌስትሮሉም ዝቅ ያለ ነበር። ልዩነቱን ይህ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም። ግን «በደማችን ያለ ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አይቻልም።

አሠራሩ ለማንም ይገባል። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበታችን አንድ አምስተኛውን ይበላል። ይህንን የሚያቀብሉት ከፀጉር የቀጠኑ ደም ስሮች ናቸው። ግፊት ለዓመታት ሲደበድባቸው ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መንገዳቸው ይጠብባል፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ቦታ ደም ያጣል። አያምም፣ ድምፅም የለውም። የሚሰማው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

እኛ ደግሞ ያኔ «ጃጀ» እንላለን።

አያቴ የልጆቿን ስም ማምታታት ስትጀምር ቤተሰቡ ሁሉ «እድሜ ነው» አለ። እኔም ብያለሁ። በ50 ዓመቷ ግፊቷ ስንት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። የለካትም አልነበረም።

ታዲያ መጃጀት ሁሉ ከግፊት ነው እያልኩ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ከ140 በታች ለማድረስ ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ችግር ያነሰ እንደገጠማቸው አሳይቷል። በ2024 ደግሞ በላንሴት መጽሔት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉ ልንለውጣቸው ከምንችላቸው 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው ብለዋል። ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ውፍረትና አለመንቀሳቀስ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

በ1945 የዓለም ኃያል የነበረው ሰው በዚያች መርከብ ላይ ሁሉ ነገር ነበረው። ያልነበረው ዛሬ በየሰፈራችን ፋርማሲ የሚሸጠው የግፊት ክኒን ነው። ለአያቴ ይህ ወግ ዘግይቷል። አባቴ ግን ዘንድሮ 54 ሆነ፤ «እኔ ምን ሆኜ ነው የምለካው?» ይላል። ሩዝቬልትም ደኅና ናቸው ተብሎ ነበር። እሁድ ይዤው እሄዳለሁ። እናንተስ?