ጠገራ ብርና የሐጃጆች ደረሰኝ፦ የጥንታዊ ገንዘቦች ስብስብ

ጥንታዊ ሳንቲሞችንና የወረቀት ገንዘቦችን መሰብሰብ የታሪክን ማስረጃ ከጥፋት የሚያድን ልማድ ነው። በሪያድ ከተማ፣ በዐዚዚያና በሌሎች ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልማዱ ልዩ ትርጉም አለው፤ ሁለቱ አገሮች በአንድ ገንዘብ የተገበያዩበት ዘመን ነበርና።

ገንዘቡ በኢትዮጵያ «ጠገራ ብር»፣ በዐረቢያ ምድር ደግሞ «ሪያል ፍራንሲ» ይባል የነበረው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፈች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመረቱ ቀጥሏል። ስለዚህ የተቀረጸበት ዓመት ብቻውን ዕድሜውን አያረጋግጥም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱም ከመቶ 83 ገደማ መሆኑ ግን ሐሰተኛውን ለመለየት ይረዳል። ብዙዎቹ ለጌጣጌጥ ሥራ ቀልጠው ጠፍተዋል።

ከሳዑዲ የወረቀት ገንዘቦች መካከል ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ «የሐጃጆች ደረሰኝ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የአገሪቱ የገንዘብ ተቋም፣ የዛሬው ማዕከላዊ ባንክ፣ ደረሰኙን በ1953 ያወጣው ሐጃጆች ከባዱን የብር ሪያል ከመሸከም እንዲያርፉ ነበር። ሕዝቡም እንደ ገንዘብ ስለተቀበለው፣ በ1961 ለወጣው መደበኛ የወረቀት ሪያል መንገድ ጠርጓል።

ጀማሪ ሰብሳቢ ሳንቲምን በጠርዙ መያዝ፣ የወረቀት ገንዘብን ከፀሐይና ከእርጥበት መጠበቅ ይኖርበታል። ከአያት የተወረሰ ጠገራ ብርም ፈጽሞ ተፈትጎ መጽዳት የለበትም፤ ዘመን ያለበሰው ቀለም ከተገፈፈ ዋጋው ይቀንሳል፣ ምስክርነቱም ይደበዝዛል።