ከአጋዘን ቀንድ እስከ ሞንታርቦ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ምርጫና ግዢ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው

በጎጃም ደጋ መሰንቆም ሆነ ክራር ለረጅም ዘመን ከሱቅ መደርደሪያ ተነሥቶ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። አዝማሪው መሰንቆውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ይቀበላል፤ ሲሰበርበት ወይም ለልጁ ሲያስፈልገው ደግሞ ራሱ ይሠራዋል። ገበያ የሚወጣው የመሣሪያውን አካል ፍለጋ ነው፦ ከፋቂ ዘንድ ስስ የፍየል ቆዳ፣ ከፈረስ ባለቤት ጭራ፣ ከእንጨት ሻጭ የደረቀ ዋንዛ። ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የሙዚቃ መሣሪያ ምርጫ ታሪክ አብዛኛው የእንጨት፣ የቆዳና የጅማት ምርጫ ታሪክ ነው። ተሠርቶ ያለቀውን ዕቃ መግዛት የመጣው ከመኪና መንገድ ጋር ነው።

ስለ ጉዳዩ ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ደብዳቤ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ሰከላ ውስጥ ግሽ ድረስ ዘልቆ የዓባይን ምንጭ ያየ ሰው ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ የጻፈው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1776 በበርኒ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። ደብዳቤው ስድስት መሣሪያዎችን ይቆጥራል፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና የክራር ወገን የሆነ ባለ አውታር መሣሪያ። ስለ መጨረሻው የሰጠው መግለጫ የመሣሪያ ሠሪ ዓይን ያለው ሰው የጻፈው ይመስላል። የመሣሪያው ሁለት ቋሚዎች ቀድሞ ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ እንደ ነበር፣ ጠመንጃ ሲበዛ ግን አጋዘኑ እየተመናመነ ስለ ሄደ ሠሪዎቹ ቀላል ቀይ እንጨት በቀንድ አምሳል እየጠመዘዙ መቅረጽ እንደ ጀመሩ ይናገራል። አውታሮቹ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ነበሩ። የሚሠሩትም ከበግ ወይም ከፍየል ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ እየተተለተሉና እየተገመዱ ነው። ብሩስ የሚያማርረው በእነዚህ አውታሮች ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳሉ፣ በደረቅ ወራት ይበጠሳሉ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ድምፅ የሚባል የላቸውም ይላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም በጮቄ ተራራ ሥር የከረመ ሰው ቅሬታው ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም።

የደጋው አየር በእርግጥ የመሣሪያ ጠላት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ ከባድ የሆነ ከተማ ናት። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ የላላ ቆዳ ደግሞ ድምፁን ይውጣል። በዚህ ምክንያት መሰንቆና ከበሮ ከጨዋታ በፊት እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ይሞቃሉ። መሣሪያ የሚመርጥ ሰውም ሁለት ወቅት ማሰብ አለበት፤ በጥር የጮኸ ቆዳ በነሐሴ ምን እንደሚል በጥር አይታወቅምና።

ለመሰንቆ የሚፈለገው እንጨት ቀላል፣ በደንብ የደረቀና የማይሰነጠቅ ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ ስለሚገራ፣ ሲደርቅም ብዙ ስለማይጣመም፣ በአካባቢው ከገበቴ እስከ ከበሮ ለብዙ ዕቃ ይውላል። ያልደረቀ እንጨት የቆዳውን መወጠር አይችልም፤ ቆዳው ሲደርቅ እየሳበ ያጣምመዋል። አራት ሳንቃ ተገጥሞ ማዕዘኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሆነ ሳጥን ይወጣል፤ ቆዳው እርጥብ ሳለ በሳጥኑ ላይ ይለበስና እየደረቀ ራሱን ይወጥራል። እዚህ ላይ የፋቂው እጅ ይፈተናል። ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቆዳ ሳይደርቅ ደህና መስሎ ይታያል፤ ሲወጠር ግን የተነካው ቦታ ይከፈታል። ልምድ ያለው ሠሪ ስለዚህ ቆዳውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ ዋጋ አይጠይቅም። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው የጭራው ጉዳይ ሁሉን ይወስናል። አውታሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ናቸው። ጎጃም በዚህ አልተቸገረም። በአዊ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰለፉትን ፈረሶች ላየ ሰው ለመሰንቆ ጭራ የሚጠፋበት አገር አይመስለውም። ጭራው ያለ ሙጫ ወይም ያለ እጣን ግን ዲዳ ነው፤ ደጋኑ ካልታሸ ይንሸራተታል እንጂ አይናገርም። ቁመቱና ቅኝቱ ከባለቤቱ ድምፅ ጋር መስማማት ስላለበት፣ ለአንዱ አዝማሪ የተዋጣለት መሰንቆ ለሌላው ባዕድ ሊሆን ይችላል። በውርስ የመጣ መሣሪያ በወራሹ እጅ ዳግመኛ መቃኘትና መጠገን የሚያስፈልገው አንድም በዚህ ነው።

በገና ሌላ ዓለም ነው። መኳንንቱ ይደረድሩት የነበረው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም በጾም፣ በተለይ በሁዳዴ የሚደረድሩት ይህ መሣሪያ ዐሥር አውታር አለው፤ ምእመናን ቁጥሩን ከዐሠርቱ ቃላት ጋር ያያይዙታል። አውታሩ የበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ታጥቦ፣ ስቡ ተፍቆ፣ ተገምዶና ተወጥሮ ይደርቃል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር ካልተካከለ አውታሩ አይቃኝም፤ አንዱ ጫፍ ሌላውን ይከዳዋል። የበገናን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ግን አንጀቱ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አውታር ከብርኩማው፣ ማለትም ከመደገፊያው፣ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ንዝረቱን የሚያመጣው እርሱ ነው። እንዝራው አንዲት ሥንጣሪ ያህል ቦታውን ከለቀቀ አውታሩ ዝም ይላል፤ በገና ሊገዛ የሄደ ሰው ቅርጹን፣ ሐረጉንና መስቀሉን ሲያደንቅ ቆይቶ ይህን ሳይሞክር ከተመለሰ የገዛው ጌጥ ነው።

የዋሽንት ምርጫ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። መሣሪያው ሸምበቆ ወይም ቀርቀሃ ነው፤ የደጋ ቀርቀሃ በአዊና በጮቄ ዙሪያ ይበቅላል። ስንጥቅ የሌለው፣ ውስጡ ቀጥ ያለና በአግባቡ የደረቀ ክፍል ይመረጣል፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ በጋለ ብረት ይበሳል። አንድ ዋሽንት አንድ መነሻ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ነፊዎች የተለያየ ቁመት ያላቸውን በርከት አድርገው ይይዛሉ። እረኛው በአንዱ ሲብቃቃ መድረክ ላይ የወጣው ነፊ እቅፍ ሙሉ ይዞ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ከበሮን የሚገዛው በአብዛኛው ደብሩ ነው። ከግንድ ተፈልፍሎ ሁለቱም አፉ በከብት ቆዳ ይለበጥና በጠፍር ይወጠራል። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩም የክርስቶስን ሰንበር ያመለክታል። በመሆኑም ማኅሌት ላይ የሚቆም መሪጌታ ከበሮ ሲመርጥ የድምፁን ማማር ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የሁለቱ አፍ ስፋት በግልጽ መለያየት አለበት። ለዘፈን የሚውለው ከበሮ ያነሰ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ነው፤ የምሥጢር ሸክም ስለሌለበት ሠሪው እንደ ልቡ ይቀርጸዋል።

በገንዘብ የማይገዙ መሣሪያዎችም ነበሩ። ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የሥልጣን ምልክት ስለ ነበሩ የሚገኙት በሹመት ነበር። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. የቆረቆሩት መንቆረር፣ ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ የንጉሥ ከተማ ሆነ፤ በኋላም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ከተማው የንጉሥ መቀመጫ መሆኑን ለገበሬው የሚነግረው በበቅሎ ተጭኖ የሚመታው ነጋሪት ነበር። ነጋሪት ከአደባባይ ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም፤ በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተብሏል።

የባሕር ማዶ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው እንደ ስጦታ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ 40 የሚሆኑ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው፣ ሚሌቭስኪ የተባለ አስተማሪ የቤተ መንግሥቱን ነፊዎች አሠልጥኗል። ከዚያ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ የሙዚቃ ቡድናቸው መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ጎጃም እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በግጥም በኩል ነው። ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሰለት የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቀው የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። የመዝሙሩ ቃል ከቅኔ ቤት፣ ማጀቢያው ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጣ ጡሩምባና ክላርኔት ሆነ ማለት ነው።

ጡሩምባው ወደ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ግን ዓባይን መሻገር ነበረበት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ የበቅሎና የአህያ ነበር። የዓባይ ሸለቆ ቆላ ነው፤ ወንዙ የሚፈሰው ከደጀን ጫፍ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው፤ በክረምት ደግሞ መሻገሪያው ይዘጋ ነበር። ቆዳና እንጨት ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ብርድ ሲወጡ ይጎዳሉ፤ አውታሩን ሳያላላ የተጓዘ ሰው ብርኩማው ተሰብሮ ወይም ቆዳው ተቀድዶ ሊያገኘው ይችላል። ፒያኖ የሚሸከም በቅሎ ደግሞ አልተወለደም። የጎጃም ሙዚቀኛ ለብዙ ዘመን ከመሰንቆ፣ ከክራርና ከዋሽንት ያልወጣበትን ምክንያት በወግ አጥባቂነት ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን ሸለቆ በእግራቸው ቢወርዱት ጥሩ ነበር።

ጣልያኖች በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የዘረጉት የመኪና መንገድ ሁኔታውን ለወጠው። መጀመሪያ የተለወጠው ጥሬ ዕቃው ነው። የክራር አውታር ከጅማት ወደ ናይለን ዞረ፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ብሩስ ያማረረበትን የመበስበስና የክረምት ችግር በአንድ ጊዜ ፈታው። የእንጨቱን ገበቴም ብዙ ሠሪዎች በጎድጓዳ የብረት ሳህን ተኩት። ሳህኑ ርካሽ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ድምፁም ይጮኻል፤ የእንጨቱ ሙቀት ግን የለውም። ለክራር ናይለኑ ትርፍ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሳህኑ ግን የሰጠውን ያህል ወስዷል። በገና ደርዳሪዎች አዲስ ጥሬ ዕቃ የሚወስደውም እንዳለ ስለሚያውቁ ብዙዎቹ አንጀቱን አልተዉም።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰለፈ። ቀደም ሲል እያንዳንዱ መሣሪያ ከባለቤቱ ድምፅ ጋር ብቻ ይቃኝ ነበር፤ አሁን እርስ በርስ መስማማት ግድ ሆነ፤ መጠኑና መቃኛው የተስተካከለ መሣሪያም መፈለግ ጀመረ። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የተደራጁት የኪነት ቡድኖች፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ የተባለው ቡድን፣ የባህሉን መሣሪያ ከጊታር፣ ከአኮርዲዮንና ከድራም ጋር አቀላቀሉ። የመሣሪያ ግዢም ከግለሰብ እጅ ወጥቶ የመንግሥት በጀት ጉዳይ ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ የመጣው በድምፅ ማጉያ ነው። የጣልያኑ ፋብሪካ ስም በአማርኛ ተራ ስም ሆኖ ሞንታርቦ እስኪባል ድረስ ማጉያው በሠርግ ዳስና በንግሥ በዓል ተስፋፋ። መሰንቆና ክራር በዳስ ውስጥ ለሚሰሙ ጆሮዎች የተሠሩ ናቸው፤ በማይክሮፎን ሲወጡ የቆዳው መላላትና የመቃኛው መንሸራተት ለመንደሩ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ክራር ሠሪዎች ድምፅ መቀበያ የሚገጠምለት፣ የብረት አውታር ያለው ኤሌክትሪክ ክራር ወደ መሥራት አዘነበሉ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ 7 ዓይነት ኪቦርድ በበኩሉ የቡድኑን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጠው። ሠርግ ላይ ኪቦርድ፣ ሁለት ሞንታርቦና ጄኔሬተር ያለው ሰው የሦስት ሙዚቀኛ ደመወዝ ያስቀራል። ኪቦርዱ ግን የትዝታንና የአንቺ ሆዬን ቅኝቶች የድምፅ ክፍተት በፋብሪካው ልክ እንጂ በአዝማሪው ጆሮ ልክ አይሰጥም፤ የመግዣው ዋጋ ላይ ያልተጻፈው ወጪ ይህ ነው።

በገና በተመሳሳይ ዘመን በሌላ በር ወደ ገበያ ገባ። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጠው የነበረው የበገና ትምህርት በደርግ ጊዜ ቆመ። ከደርግ በኋላ ግን ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የመንፈሳዊ ዜማ ማሠልጠኛዎች ወጣቶችን በብዛት አስተማሩ፤ ተማሪው አናጺና ፋቂ የማያውቅ የከተማ ልጅ በመሆኑ የተሠራ በገና መግዛት ነበረበት። በዚህ መንገድ በንዋየ ቅድሳት መሸጫ የሚሰቀል በገና ተፈጠረ። ከዚህ መለየት ያለበት ለቱሪስት የሚሠራው ነው። መሰንቆውና ክራሩ በቀለምና በዛጎል ያሸበረቀ፣ ቆዳው በሙጫ ብቻ የተለጠፈና መቃኛው የማይዞር ሆኖ ይገኛል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ሰው በቂ ነው፤ ሊጫወትበት የሚፈልግ ግን መጀመሪያ መቃኛውን አዙሮ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ቅኝቱ እንደ ቆመ ይመለከታል።

በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ በደጀን በኩል የሚመጣ ዕቃ ወንዙን በደቂቃ ያልፋል። የሚያስቸግረው ከዚያ የራቀው ጉዞ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በለንደን ለሚኖር ሙዚቀኛ የሚላክ ክራር አውታሩ ይላላል፣ ብርኩማው ወልቆ ለብቻው ይጠቀለላል፣ ቆዳውን የሚነካ ነገር እንዳይኖር በጨርቅ ይሸፈናል፤ ከተቻለም መንገደኛው በእጁ ይይዘዋል። ጥሬ ቆዳ ያለበት ከበሮ ደግሞ በጉምሩክ ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ አንድ ከበሮ ሠሪ ከአፍሪካ ካመጣው ጥሬ ቆዳ አባ ሰንጋ ከያዘው ወዲህ ቁጥጥሩ ጠበቅ ብሏል፤ የአውስትራሊያ ሕግም ቆዳ ያለበት ዕቃ ሁሉ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ስለዚህ አንዳንድ ሙዚቀኞች ግንዱን ብቻ ያስልኩና ቆዳውን በደረሱበት አገር ያለብሱታል፤ ዋሽንቱ ግን በልብስ መካከል ተጠቅልሎ በሻንጣ ይሄዳል።