ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ
(ስለ ጥንቱ ሰንጠረዥና ስለ ሕጎቹ)

ማናቸውም ጨዋታ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዕቃና ሕግ። ዕቃው ቢጠፋ ይተካል። የዳማ ጠጠር ያጣ የጠርሙስ ቆርኪ ይለቅማል፤ የገበጣ ገበታ ያጣ መሬት ቆፍሮ ይጫወታል። ሕጉ ግን ከሰው አእምሮ አንድ ጊዜ ከወጣ መሬት ተቆፍሮ አይገኝም። ይህን ከስደተኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ የወጣ ሕዝብ ይዞት የሚወጣው በራሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነውና። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ቀደምቶቻችን ይጫወቱት የነበረውን የሰንጠረዥ ሕግ ባጭሩ ለማስታወስ እንወዳለን።

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ የጨዋታውን መንገድ ይነግረናል። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ አለፈ፤ ዐረቦች «ሻትራንጅ» ብለው ተቀበሉት፤ ወደ እኛም በዚሁ ስም ገባ። መቼ እንደ ገባ በርግጥ ባይታወቅም፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን (1508–1540 እ.ኤ.አ.) በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደ ተጫወቱ ተጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግሬ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ በዕረፍት ጊዜያቸው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል።

ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት ስምንት በስምንት ይከፈላል። ተዋጊዎቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠራሉ። ስማቸው ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል (አንዳንዶች ሳባ ይሉታል)፣ ፈረስ፣ ደር እና መደቅ ነው። ደር በዛሬው ቼዝ ግንብ የምንለው፣ መደቅ ደግሞ እግረኛው ወታደር ነው። የእያንዳንዱ ንጉሥ መቆሚያ ከፈርዙ በስተቀኝ ስለ ሆነ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም።

ዛሬ በዓለም የሚታወቀውን ቼዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ዛሬ ንግሥት የምትባለው፣ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጠው ተዋጊ፣ በእኛ ዘንድ ፈርዝ ናት፤ አንዲት ቤት ብቻ፣ ያውም በሰያፍ ትራመዳለች። ፊልም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል እንጂ እንደ ዛሬው ጳጳስ ረጅም መንገድ አይሄድም። መደቅ መጀመሪያ ላይ እንኳ ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የጥንቱ የፋርስና የዐረብ ሕግ ነው። ኤውሮፓውያን በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የንግሥቲቱንና የጳጳሱን ኃይል ጨምረው ጨዋታውን ለወጡት። ኢትዮጵያ ግን አሮጌውን ሕግ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ጠብቃ ቆየች።

ይሁን እንጂ ቀደምቶቻችን የተረከቡትን ብቻ አልያዙም። የራሳቸው የሆነ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ይኸውም ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነትና በፈለገው መጠን፣ ተዋጊዎቹን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ሌላውን እያየ አሰላለፉን ይለዋውጣል፤ ያራመደውንም መልሶ ሊያስተካክል ይችላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው የመጀመሪያው ተዋጊ ሲበላ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታው በየተራ ይሆናል።

ለመሆኑ ይህ ሕግ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ በተዋጊዎቹ እርምጃ ላይ ነው። ፈርዝና መደቅ አንዳንድ ቤት እየተራመዱ፣ ሁለቱ ሠራዊት እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ተራ ማለፍ ነበረበት። ዐረቦችም ይኸው ችግር ነበረባቸው፤ እነርሱ አስቀድሞ የታወቁ የአሰላለፍ ዓይነቶችን ለይተው ስም በመስጠት መላ አበጁለት። ኤውሮፓውያን ተዋጊዎቹን በማፍጠን ፈቱት። የእኛዎቹ ደግሞ ተዋጊውን ሳይነኩ፣ ተራውን በማንሣት ፈቱት። ለአንድ ችግር ሦስት ሕዝብ ሦስት መፍትሔ አገኘ ማለት ነው። የእኛው መፍትሔ የዘመቻን ጠባይ ይመስላል፤ ጠላት አንተ እስክትሰለፍ ድረስ ተቀምጦ አይጠብቅህምና።

አጨራረሱም ቢሆን ክብርና ነውር ነበረበት። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ድል ቢሆንም ጥበብ የጎደለው ድል ይባል ነበር። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል። ከሁሉም በላይ የሚጨበጨብለት ግን በመደቆች፣ ማለትም በእግረኞች፣ ንጉሡን ማምለጫ ያሳጣ ነው። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መያዝም እንደ ድል አይቆጠርም። ጌቶችና መሳፍንት ይጫወቱት በነበረ ጨዋታ ውስጥ ትልቁ ክብር ለእግረኛው መሰጠቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሌላም አለ። ሰንጠረዥ በዝምታ የሚካሄድ ጨዋታ አልነበረም። ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ፣ የቤት አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ በነጻነት ምክር ይሰጡ እንደ ነበር ሳልት ጽፏል። በሌላ ጊዜ በራሱ ፊት ቀና ብሎ ለማይናገር ሰው፣ በሰንጠረዡ ዙሪያ አፍ ይፈቀድለት ነበር ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ እንዴት ጠፋ? በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሩን ሲይዝ፣ ሰንጠረዥ ይኖርባቸው የነበሩት የመሳፍንቱ ቤቶች ተበተኑ፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾችም ሞቱ ወይም ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ቤትና በክበብ የተስፋፋው ዓለም አቀፉ ቼዝ ነበር። የቃሉ አጋጣሚ ያሳዝናል። የሰንጠረዡ ወረራ ሁለቱንም ወገን በእኩል ያሰልፋል፤ የ1928ቱ ወረራ ግን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የመጣ፣ እኩልነት የሌለው ነበር። ሕጉን ከመጥፋት ያዳኑት ያዩትን የጻፉ ሰዎች ናቸው። በተለይም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ስለ ገበጣም ጽፈው ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል።

አሁን ያለንበትን አገርም እንመልከት። ወደ ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ በፋብሪካዎቹና በመጋዘኖቹ አጠገብ በምሳ ሰዓት ካርታ የሚጫወቱ ሠራተኞች ማየቱ አይቀርም። ማታቱ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ካርታ ይታደላል፤ ከክምሩ ሥር አንድ ካርታ ተገልጦ ይቀመጣል፤ የዚያ ምልክት ሰባት ቁጥር የተጫወተ ሰው ጨዋታውን ባለበት ይቆርጠዋል፤ ከዚያም በእጁ ጥቂት ነጥብ የቀረበት ያሸንፋል። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ አጥርተው ያውቁታል።

የባጋንዳዎቹ ኦምዌሶ ደግሞ የገበጣችን ዘመድ ነው። በአራት ረድፍ ሠላሳ ሁለት ጉድጓዶች፣ ስድሳ አራት ፍሬዎች አሉት። የሚያስገርመው አጀማመሩ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ሠላሳ ሁለት ፍሬ በራሱ ዐሥራ ስድስት ጉድጓዶች ውስጥ እንደ ፈለገ ይደለድላል። ከውጊያው በፊት ነጻ ድልድል ማድረግ የሚለው ሐሳብ ከእኛ ወረራ ጋር ይቀራረባል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል። ቼዝም ቢሆን እዚህ እንግዳ አይደለም፤ ከካምፓላ ድኻ ሠፈር ከካትዌ የወጣችው ፊዮና ሙቴሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ ለኡጋንዳ ተሰልፋለች።

አሮጌ ሕግን ፈልጎ መጫወት የኋላ ቀር ሥራ ነው የሚል ቢኖር፣ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንስጠው። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው «ማጂክ» የተባለ የካርታ ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቾች ካርታዎቹን እየገዙና እየተለዋወጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክምር ያዘጋጃሉ። በየዓመቱ አዲስ ካርታ ይወጣል፤ ሕጉም ይሻሻላል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ግን በስዊድን በጎተንበርግ ከተማ ጥቂት ወዳጆች በ1993 እና በ1994 የታተሙትን ካርታዎች ብቻ ይዘው መጋጠም ጀመሩ። ሰብስቦ ሳይጠቀምበት የቀረ ኃይል ባለቤቱን ይጎዳል የሚለውን ደንብ አሳታሚው በ2009 ሲሽረው፣ እነርሱ አልሻሩትም። የዋናው ግጥሚያቸው ሽልማትም ገንዘብ አይደለም፤ ተሳታፊዎቹ ሁሉ የፈረሙባት አንዲት የሻርክ ሥዕል ያለባት ተራ ካርታ ናት።

ይህ ልማድ ግን አንድ ጉድለት አለበት። ከነዚያ አሮጌ ካርታዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። ስለዚህ አሮጌውን ጨዋታ በዋናው ካርታ መጫወት ለባለጸጋ የቀረበ ሆኗል። የእኛ ሰንጠረዥ እንዲህ አይደለም። አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ከሰል፣ ሠላሳ ሁለት ጠጠር ወይም ቆርኪ ይበቃል። ውዱ ነገር ሕጉ ነው፤ እርሱም ዋጋ አይከፈልበትም፤ የሚያውቀው ሰው ሳለ መጠየቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ወር እሑድ ከሰዓት በኋላ በጥንቱ ሕግ አንድ ግጥሚያ እናድርግ። በወረራ ይጀመር፤ ተመልካች ይምከር፤ በመደቅ የረታ ይጨብጨብለት። ለአሸናፊው የተጫወቱት ሁሉ ስማቸውን የጻፉበት ገበታው ራሱ ይሰጠው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሰማው ሕግ ያለው አባት ወይም እናት በመካከላችን ካለ፣ ወደ አዘጋጆቹ ብቅ ብሎ ያጫውተን። እዚህ ከጻፍነው የተለየ ቢሆን ይበልጥ ደስ ይለናል፤ ሕጉ በየአገሩ ይለያይ ነበርና፣ በሚቀጥለው እትም ከነአገሩ ስም እንጽፈዋለን።