በእንግዳና በባለ ሆቴል መካከል፦ የክፍል ማስያዣ መንገዶች አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ እንጂ የታሪክ መምህር ጉዳይ አይመስልም። ሆኖም አንድ እንግዳ ገና ከቤቱ ሳይነሣ በሩቅ አገር ያለ አልጋ የእሱ መሆኑን እንዴት ሊያረጋግጥ ቻለ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። የውጭውን ታሪክ ስናገር ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከራሳችን ደጃፍ ልጀምር። ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ የሚመለስለት ቃል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። የእንግዳው ድምፅ በቀጥታ ለባለቤቱ ይደርሳል፤ ባለቤቱ የእንግዳውን ፊት ያያል፣ ስሙንና አገሩን ይጠይቃል፤ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዋጋ የሚቀበል ሦስተኛ ሰው የለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ ማደሪያና ማዕድ በገንዘብ የሚገኝ አገልግሎት መሆን ጀመረ። ከሦስቱ የመጨረሻው፣ ማለትም የአገናኙ ሰው ጉዳይ፣ ዛሬ የምናወጋው ነው።

በአውሮፓ ይህ አገናኝ ቀደም ብሎ ብቅ ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ በ1860ዎቹ መጨረሻ የሆቴል ኩፖን መሸጥ ጀመረ። ተጓዡ ገንዘቡን ለኩክ ድርጅት ከፍሎ ኩፖኑን ይይዛል፤ ስዊዘርላንድ ወይም ጣሊያን ሲደርስ ለሆቴሉ ያስረክባል፤ ሆቴሉም ኩፖኑን ልኮ ገንዘቡን ከኩክ ይቀበላል። ተጓዡ በማያውቀው አገር ከመታለል ዳነ፤ ባለ ሆቴሉም ገበያ አገኘ። ነገር ግን ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገባው በአገናኙ ኪስ ሆነ። ይህን ነጥብ አትርሱት፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል።

ኩፖን ገንዘቡን ቢፈታም መልእክቱን አልፈታም። ክፍል መኖሩን አስቀድሞ ለማወቅ ደብዳቤ ቀናትን ይወስዳል፤ ቴሌግራም ደግሞ በቃል ይከፈልበታል። ስለዚህ ለሆቴሎች ዓለም አቀፍ የቴሌግራም ምሥጢረ ቃል ተዘጋጀ፤ የበዴከር የጉዞ መጻሕፍትም አሳተሙት። «አልባ» ማለት አንድ አልጋ ያለው አንድ ክፍል፣ «አራብ» ማለት ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል፣ «አቤክ» ማለት ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ነበር። በእኛ ቋንቋ «አልባ» የሌለውን ነገር ያመለክታል፤ በቴሌግራሙ ግን አልጋው እንዲኖር የሚያዝዝ ቃል ነበር። በዚህ ዘዴ እንግዳው ራሱ ይጽፋል፣ ሆቴሉ ራሱ ይመልሳል፤ ፖስታ ቤቱ መልእክት ያደርሳል እንጂ ከክፍሉ ዋጋ ድርሻ አይጠይቅም። በእኔ ግምት በርቀት ክፍል በማስያዝ ታሪክ ውስጥ እንግዳና ባለ ሆቴል ከሁሉ ይበልጥ የተቀራረቡት በዚያ ዘመን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የታሪኩ ማእከል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አውራ ጎዳናው ሲበዛ መንገደኛው በዛ፤ መንገደኛው ሲበዛ በብዙ ከተማ አንድ ስም የያዙ ሆቴሎች ተስፋፉ። ሸራተን በ1958 ሪዘርቫትሮን የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ማስያዣ ሥራ ላይ አዋለ። በ1952 በሜምፊስ ከተማ የመጀመሪያ ቤቱን የከፈተው ሆሊዴይ ኢን ደግሞ በ1965 ሆሊዴክስ በተባለ የኮምፒውተር መረብ ሆቴሎቹን አገናኘ። በ1970 ሸራተን ደዋዩ ሳይከፍል የሚደውልበትን አንድ ብሔራዊ የስልክ ቁጥር ለእንግዶች ሰጠ። አገናኙ በዚህ ጊዜ የሆቴሉ የራሱ ቤተሰብ ነበር፤ ባለቤቱ ለማእከሉ ይከፍላል፣ የእንግዳው ስም ግን ከቤቱ አይወጣም። በሌላ ወገን ስም የሌለው፣ ብቻውን የቆመ ትንሽ ሆቴል ከዚህ ማእድ ውጭ ቀረ።

በዚያው ዘመን አየር መንገዶችም የራሳቸውን ሥርዓት ይሠሩ ነበር። የአሜሪካን ኤርላይንስ ሴበር በ1960ዎቹ ሥራ ጀመረ፤ በ1976 ደግሞ መሣሪያው በጉዞ ወኪሎች ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ። ወኪሉ ትኬት በሚቆርጥበት በዚያው ስክሪን ላይ ክፍል ማስያዝ ፈለገ። ሆቴሎች ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ኮምፒውተር ስለነበራቸው ቋንቋቸው አልተግባባም። በዚህም ምክንያት ታላላቅ የሆቴል ድርጅቶች በ1980ዎቹ መጨረሻ በጋራ አንድ የማገናኛ ኩባንያ መሠረቱ፤ ስሙ ቲስኮ ነው። በ1994 ይኸው ኩባንያ ትራቭልዌብ የተባለ ገጽ በኢንተርኔት ላይ ከፈተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ሰው ሆቴሎች ለኢንተርኔት ዘግይተው ስለነቁ ተሸነፉ ይላል። የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ሆቴሎች በ1994 መረቡ ላይ ነበሩ፤ ማይክሮሶፍት ኤክስፒዲያን የከፈተውና ኤንስኬዴ በተባለች የኔዘርላንድ ከተማ የዛሬው ቡኪንግ የተጀመረው በ1996 ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ቀደመ?» የሚል ሳይሆን «ማን ምን አቀረበ?» የሚል መሆን አለበት።

ኤክስፒዲያ የኩክን መንገድ ይዞ አደገ፤ ክፍሉን ከሆቴሉ በቅናሽ ወስዶ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ከእንግዳው አስቀድሞ ይቀበላል። የኔዘርላንዱ ድርጅት ደግሞ እንግዳው በሆቴሉ እንዲከፍልና ሆቴሉ በኋላ ኮሚሽን እንዲልክ አደረገ። ይህ ሁለተኛው ዘዴ በሸራተንና በሆሊዴይ ኢን ዘመን ከማእድ ውጭ ለቀረው ትንሽ ሆቴል የተመቸ ነበር። ሃያ ክፍል ያለው የቤተሰብ ሆቴል ያለ ቅድሚያ ወጪ ከታላላቆቹ እኩል በአንድ ዝርዝር ላይ ታየ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ተቺዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ከመስከረም 2001 የአሜሪካ የሽብር ጥቃት በኋላ ጉዞ ቀነሰ፤ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። ባዶ ክፍል እንደ ያልተሸጠ ጋዜጣ ነው፤ በማግሥቱ ዋጋ የለውም። የተጨነቁ ሆቴሎች ክፍሎቻቸውን በብዛት ለድረ ገጾቹ በቅናሽ ሰጡ፤ እንግዳውም ከሆቴሉ ይልቅ ድረ ገጹን ማየት ለመደ። ችግሩ አለፈ፣ ልማዱ ግን ቀረ። በ2005 የአሜሪካው ፕራይስላይን የኔዘርላንዱን ድርጅት ሲገዛ የከፈለው 133 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ የእናት ኩባንያው ዋና ሀብት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕግ ታሪክ ነው። ድረ ገጾቹ ሆቴሉ በሌላ ቦታ፣ በራሱ ገጽ ላይ እንኳ፣ ከእነሱ ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጥ በውል ያስሩ ነበር። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን ይህን ውል በ2013 ኤችአርኤስ በተባለው ድርጅት ላይ፣ በ2015 ደግሞ በቡኪንግ ላይ ከለከለ፤ ፈረንሳይም በ2015 በሕግ አገደችው። በ2024 የአውሮፓ ኮሚሽን ቡኪንግን በዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሥር መደበው፤ በዚያው ዓመት የስፔን የውድድር ባለሥልጣን 413 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ቅጣት ጣለበት። ሕጉ ለእንዲህ ያለው ድርጅት የሰጠውን ስም ወደ አማርኛ ብንመልሰው «በረኛ» ማለት ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» የሚለው እንግዳ ዛሬ በመጀመሪያ የሚያገኘው በረኛውን ነው።

በረኛው የሚወስደው ኮሚሽን፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ 15 ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚታየው ዋጋ ነው። የማይታየው የእንግዳው ማንነት ነው። በእነዚህ መንገዶች የሚመጣ እንግዳ የኢሜይል አድራሻ ለሆቴሉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ነው። ሆቴሉ እንግዳውን ያሳድራል፣ ቁርስ ያበላል፣ ይሸኛል፤ በዓመቱ «ደህና ከረሙ?» ብሎ ሊጽፍለት ሲሻ ግን መንገዱ በበረኛው በኩል ያልፋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የአገራችን ሆቴል ተማሪዎቼን ለልምምድ ይዤ ሄጄ ነበር። በስልክ የሚያዙ ክፍሎች በመዝገብ ይጻፋሉ፤ በድረ ገጽ የሚያዙት በኮምፒውተር ይገባሉ፤ ሁለቱ የሚመሳከሩት ማታ ነው። በገና ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ አንዱ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ተይዞ ተገኘ። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ሽማግሌ እናቱን የያዘ ሰው ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አንገቷን ደፋች፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። ያንን ቀን ሳስብ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይታወሰኛል።

መድኃኒቱ ዛሬ አለ፤ ሁሉን መንገድ ከአንድ የክፍል ቆጠራ ጋር የሚያያይዘው ቻናል ማኔጀር የተባለ ሥርዓት አንድ ክፍል በአንዱ በኩል ሲያዝ በሌሎቹ ላይ ወዲያው ይዘጋዋል። ነገር ግን ይህም በመስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በመረቡ ብቻ የሚተዳደር የክፍል ዝርዝር ሊዘጋም ሊከፈትም አይችልም ነበር። የወረቀት መዝገብና የሚነሣ ስልክ የዚያን ጊዜ ኋላ ቀርነት አልነበሩም።

ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት አገናኝን ጠላት አድርጎ ማየት አይደለም። ኩክም፣ ወኪሉም፣ ድረ ገጹም ባይኖሩ ብዙ ቤቶች እንግዳ ባላዩ ነበር። የተጎዱት በአገናኝ የተጠቀሙት ሳይሆኑ የራሳቸውን በር ዘግተው በእሱ ብቻ የተማመኑት ናቸው። ስልኩን የሚያነሣ፣ ለመልእክት በዕለቱ የሚመልስ፣ በራሱ ገጽ ክፍል የሚያስይዝ፣ በበረኛው በኩል የመጣውንም እንግዳ ሲሸኝ ስሙን አክብሮ ጠይቆና ፈቃዱን አግኝቶ የሚመዘግብ ሆቴል፣ አንድ በር ቢዘጋበት ሌላው ክፍት ነው።

ተማሪዎቻችን ነገ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ኋላ ትቆማላችሁ። ድምፁ በቴሌግራምም ይምጣ በስክሪን፣ ከአጥር ውጭ የቆመው ያው የመሸበት ሰው መሆኑን አትርሱ።