ስለ ጸጋና ስለ በጎ ምግባር፤ በሐድሩሜጥ ገዳም የተነሣው ክርክር ታሪክ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 2 ቍጥር 12 እና 13፣ ሁለት ነገር አያይዞ ይናገራል። በፊተኛው ምእመናን መዳናቸውን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ እንዲፈጽሙ ያዝዛል፤ በኋለኛው መውደዱንም መሥራቱንም በሰው ውስጥ የሚያደርግ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስረዳል። ከሁለቱ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ሰው ከመንገድ ይወጣል። ይህም በቀድሞ ዘመን በሆነው ነገር ይታወቃል፤ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከብሪታንያ ደሴት የመጣ ጲላግዮስ የሚባል መናኝ በሮም ከተማ ይኖር ነበር። በትሕርምቱ የተመሰገነ ነበረ፤ ክርስቲያኖችም በሥራቸው መላላታቸውን አይቶ ያዝን ነበር። የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ፣ እግዚአብሔር የሚያዝዘውን ነገር ለመፈጸም ኀይሉን ራሱ እንዲሰጠው የለመነበት ጸሎት በፊቱ በተነበበ ጊዜ ሊታገሥ አልቻለም። እርሱ የሚያስተምረው፣ ሰው ሲፈጠር በተሰጠው ኀይል ከወደደ ትእዛዙን ሁሉ ሊጠብቅ ይችላል እያለ ነበርና። በ410 ዓመት ጎቶች ሮምን በያዙ ጊዜ ከደቀ መዝሙሩ ከሴሌስጥዮስ ጋራ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ሴሌስጥዮስም የአዳም ኀጢአት አዳምን ብቻ እንጂ ልጆቹን አልጐዳም በማለቱ በ411 ዓመት በቀርታግና ጉባኤ ተወገዘ፤ በ418 ዓመትም በዚያው ከተማ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ትምህርቱን ለዩ። እነሆ፣ ለምግባር በመቅናት የተጀመረው ነገር ጸጋን በመካድ ተፈጸመ።

ነገር ግን ጠላት ሰውን ከግራ ገደል ሲያድኑት ወደ ቀኝ ገደል ሊጥለው ይሻል። አውግስጢኖስ ስለ ጸጋ ለሮሙ ቄስ ለሲክስጦስ የጻፈውን መልእክት፣ ፍሎሮስ የሚባል መነኵሴ ኡዛሊስ በምትባል ከተማ አግኝቶ ቀዳው። ባልንጀራውም ቅጁን ዛሬ በቱኒዝያ ሱስ በተባለችው በሐድሩሜጥ ወዳለው ገዳማቸው ወሰደው። መልእክቱም አበ ምኔቱ ዋሌንጢኖስ ሳያውቅ ባልተማሩት ወንድሞች መካከል ተነበበ። ዘመኑም በ426 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያም በኋላ ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዶቹ ሁሉ ነገር ከጸጋ ከሆነ የሰው ነጻ ፈቃድ የለም፤ በፍርድ ቀንም እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው አይከፍለውም ወደ ማለት ደረሱ። ጾሙና ስግደቱ፣ ሥራውና መታዘዙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነበርና የገዳሙ ሕይወት በአደጋ ላይ ወደቀ።

መነኮሳትም ወደ ሂፖ መጥተው ይህን በነገሩት ጊዜ አውግስጢኖስ አልተቈጣም፤ እስከ ፋሲካ ከእርሱ ዘንድ አቈይቶ አስተማራቸው፤ ስለ ጸጋና ስለ ነጻ ፈቃድ የሚናገር መጽሐፍም ጽፎ ሰደደላቸው። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ፍጥረት አይታዘዝም፤ ስለዚህ ትእዛዝ መሰጠቱ ነጻ ፈቃድ እንዳለ ይመሰክራል። ደግሞም ሰው በገዛ ኀይሉ ብቻ የሚፈጽመውን ነገር ከሌላ አይለምንም፤ ስለዚህ ጸሎት መታዘዙ ጸጋ እንደሚያስፈልግ ይመሰክራል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ገዳም ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ሁሉ ከጸጋ ከሆነ አለቃ ለበደለኛው ይጸልይለት እንጂ አይገሥጸው የሚል ተገኘ። አውግስጢኖስም ስለ ተግሣጽና ስለ ጸጋ ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሐዋርያት ሦስቱንም፣ ማስተማርንም መገሠጽንም መጸለይንም፣ እንዳልተዉ አሳየ። ክፉ ሥራ የሠሪው ነውና ተግሣጽ ይገባዋል፤ በተግሣጽም ያፈረ ሰው ወደ ጸሎት ይነሣል።

አውግስጢኖስ በ430 ዓመት ቫንዳሎች ሂፖን ከበው ሳሉ ዐረፈ። በ431 ዓመት በቅዱስ ቄርሎስ አፈ ጉባኤነት በኤፌሶን የተደረገው ጉባኤ፣ ከንስጥሮስ ውግዘት ጋራ የሴሌስጥዮስን አሳብ የሚከተሉትንም ካህናት ከሹመታቸው ሻረ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉባኤ ተቀብላ ትጠብቃለችና፣ ነገሩ ለእርሷ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ አብርሃም በእምነት ጸደቀ ሲል፣ ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ በሥራ ጸደቀ ሲል፣ የሚጣሉ የሚመስለው ሰው የኦሪት ዘፍጥረትን ተራ ይመልከት። አብርሃም አምኖ ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት በምዕራፍ 15 ነው፤ ይስሐቅን ለመሥዋዕት ያቀረበው በምዕራፍ 22 ነው። እምነቱ ቀደመ፤ ሥራው ተከትሎ እምነቱ ሕያው እንደ ነበረ አስረዳ። ሥራው የእምነቱ ፍሬ እንጂ የጸጋው ዋጋ አልነበረም።

ገበሬ ዝናብን አያዘንብም፤ ነገር ግን ዝናብ ይመጣል ብሎ እርፉን ጥሎ የተቀመጠ ሰው በመከር ጊዜ የሚያጭደው የለውም። አርሶና ዘርቶ ያመረተም ሰማዩ በእጄ ነው ቢል ሰነፍ ይባላል። እንዲሁም ቤተ ክርስቲያን ያሠራ፣ ድኻ ያበላ መኰንን መንግሥተ ሰማያትን በገንዘቤ ገዛሁ ቢል ከጲላግዮስ ጋራ ይቈጠራል፤ የሰጠው ገንዘብም የሰጠበት ልብም ከእግዚአብሔር የተቀበለው ነውና። እግዚአብሔር መሓሪ ነው እያለ ድኻውን የሚበድል፣ ወይም መንጋው ሲጠፋ ዝም የሚል ካህን ደግሞ ከሐድሩሜጥ ተከራካሪዎች ጋራ ይቈጠራል። ጠቢብ ሰው ግን ሁሉ በእርሱ እጅ እንዳለ ሆኖ ይተጋል፤ ሁሉ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ዐውቆ ይለምናል፤ ሠርቶም በፈጸመ ጊዜ ያመሰግናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።