አምስቱ ልኮች

«አምስቱ የመድኃኒት አስተዳደር መብቶች።» ይህ ርእስ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የነርሲንግ ተማሪዎች እየተቀባበሉ በሚያባዙት አንድ የጥናት ወረቀት ላይ በደማቁ ተጽፏል። የጸሐፊው ስም የለበትም፤ የስልክ የትርጉም መሣሪያ እጅ እንዳለበት ግን ከአሰካኩ ያስታውቃል። ከዚያ ወዲህ ይኸው አባባል በቴሌግራም በሚዘዋወር ስላይድ ላይም አጋጥሞኛል። ቃል የሚለመደው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሳያስብ ይጽፈዋል፣ ሁለተኛው ይገለብጠዋል፣ ሦስተኛው ፈተና ላይ ያወጣዋል። ሥር ሳይሰድ ይህ አማርኛ አይደለም የሚል ሰው ያስፈልጋልና እኔ ልበል።

ነገሩን የማያውቅ ነርስ የለም። መድኃኒት በሽተኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አምስት ነገሮች ይረጋገጣሉ፦ ሰውየው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የሚገባበት በኩልና ሰዓቱ። ተማሪ ገና ሲጀምር ይሸመድዳቸዋል፤ ዋርድ ሲወጣ ይፈተንባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የመድኃኒት ደኅንነት ዘመቻውን ሲጀምር ያለመው፣ ሊወገድ የሚችለውን ከባድ የመድኃኒት ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ነበር። የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ስያሜው እንደነገሩ ሊተው አይገባም።

ከ«አስተዳደር» ልጀምር። ቃሉ ክቡር ነው። አደረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ማደር፣ ማሳደር፣ ማስተዳደር። «ቤተሰቡን ያስተዳድራል» ስንል አብልቶ፣ አልብሶ፣ አሳድሮ ለነገ ያደርሳል ማለታችን ነው። ወደ ቀበሌና ወደ አገር ያደገውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። መድኃኒትም ይተዳደራል፤ የሚተዳደረው ግን በሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስሙ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው። ቀድሞት የነበረው የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 661ም «አስተዳደርና ቁጥጥር» የሚል በስሙ ውስጥ ነበረው። እዚያ ቃሉ ቤቱ ነው፤ የትኛው መድኃኒት ተመዝግቦ አገር ይግባ፣ ማን ያስመጣው፣ ማን ይሽጠው የሚለውን ይገዛል። ዋርድ ውስጥ ያለች ነርስ ግን ሴፍትሪያክሶን አታስተዳድርም። ትሰጣለች።

አማርኛ ለመድኃኒት ጉዞ በየእርምጃው የተለየ ግስ አለው። ሐኪም ያዛል፤ ወረቀቱም ማዘዣ ይባላል። ፋርማሲስት ያድላል፤ እደላ ከዕድል ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ማካፈል ማለት ነው። ነርስ ትሰጣለች፣ በሽተኛ ይወስዳል። ጳውሎስ ሰፈርን የሚያውቅ ሰው ይህን በዐይኑ ያየዋል፤ የመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት እዚያው ሆስፒታሉ አጠገብ ነው፣ መድኃኒት ቤቶቹ መንገዱን ይዘው ተደርድረዋል፣ ዋርዶቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። ማቅረብ፣ ማደል፣ መስጠት፤ ሦስት ሥራ፣ ሦስት ተጠያቂ፣ ሦስት ግስ። «አስተዳደር» ሁሉንም ጠቅልሎ ሲውጥ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደተፈጠረ መናገር ያቅታል።

«ማስወሰድ» የሚለውን የሚመርጡም አሉ። በሽተኛው ወሳጅ፣ ነርሷ አስወሳጅ መሆናቸውን ያሳያልና ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን «አስወሰደ» ሲባል ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ዕቃ አስነሥቶ ማስኬድን ነው። ማስዋጥ፣ ማጠጣት፣ መውጋት፣ መቀባት፣ ማንጠብጠብ የሚሉትም አሉን፤ እያንዳንዳቸው መድኃኒቱ በየት በኩል እንደገባ ጭምር የሚናገሩ ድንቅ ግሶች ናቸው። ሁሉንም የሚያቅፍ ሲፈለግ ግን ዋርዱ ራሱ መልሱን ከያዘ ቆይቷል። ተረኛዋ ለተተኪዋ «የማታውን ሰጥቻለሁ» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ የመድኃኒት አሰጣጥ ነው። ይህ ቅርጽ፣ አሰጣጥ፣ አወሳሰድ፣ አያያዝ የምንልበት፣ ድርጊቱን ከነስልቱ ይናገራል። ተማሪው የሚማረውም መስጠትን ሳይሆን እንዴት እንደሚሰጥ ነው።

የባሰው «መብት» ነው። የእንግሊዝኛው «ራይት» ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ልክ መሆን፣ ሌላው መብት። ተርጓሚው የማይሆነውን አነሣ። መብት ከግእዙ መባሕት የወረደ ነው፤ ሥሩ አብሐ፣ ፈቀደ፣ ማለት ነው። መብት ይጠየቃል፣ ይከበራል፣ ይጣሳል። ታዲያ «የመጠን መብት» የማን መብት ነው? «የሰዓት መብት»ን ማን ይጥሰዋል? ተማሪዋ ያልገባትን ሐረግ ሸምድዳ ፈተና ታልፋለች፤ ያልገባት ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በድካምና በጥድፊያ መሐል፣ አይመጣላትም።

በምትኩ «ትክክል»ን የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ ክፉ ምርጫ አይደለም። ትክክል ከተካከለ የመጣ ነው፣ እኩል መሆን። የካርዱ ትእዛዝና የብልቃጡ ጽሑፍ ጎን ለጎን ተይዘው ሲገጥሙ ትክክል ናቸው። ጉድለቱ ስም ሆኖ ሲቆጠር ነው። «አምስቱ ትክክሎች» አፍ ላይ ይከብዳል፤ «ትክክለኛው በሽተኛ» ደግሞ የቀሩትን በሽተኞች ስሕተት ያስመስላቸዋል። «ተገቢ» የሚለው ለግምት በር ይከፍታል። አልጋው ላይ የተኛው ሰው እሱ ነው ወይም አይደለም፤ ተገቢነቱ የሚመዘን ጉዳይ አይደለም።

እኔ የምከራከርለት ልክ ነው። ልክ ትክክልነትንና መጠንን በአንድ እስትንፋስ ይይዛል። «ልክ ነሽ» እንላለን፤ ልብስ ስንገዛ «ልክህ ስንት ነው?» እንባላለን፤ መለካት፣ ልኬት፣ መለኪያ ቤተ ዘመዶቹ ናቸው። «ከልክ በላይ ወሰደ» ሲባል ያልተማረች እናት እንኳ ያለ አስተርጓሚ ይገባታል። ሲቆጠርም ጣት እየታጠፈ ይወርዳል፦ ሰው ልክ፣ መድኃኒት ልክ፣ መጠን ልክ፣ መግቢያ ልክ፣ ሰዓት ልክ። ኢንሱሊን ወይም ሄፓሪን ሲቀዳ ሁለት ነርሶች እንዲያዩት ይመከራል፤ አንዷ ሲሪንጁን ወደ ብርሃን ይዛ «ልክ ነው?» ስትል ሌላዋ አይታ «ልክ ነው» ትላለች። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ አፋቸው ላይ ያለ ቃል ነው። መጠንና ልክ ተደራረቡ የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ድግግሞሹ ግን ማንንም አይጎዳም።

ሰው ልክ የሚለው በእኛ አገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፋጡማ መሐመድ ወይም ሁለት አበበ ከበደ ቢተኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚለያቸው የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በሦስት መልክ ይመጣል። ሲጠየቁ የክርስትና ስማቸውን የሚናገሩ እናቶችም አሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው አጠያየቁ ነው። አንዲት ተማሪ ወደ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ «ወይዘሮ ዘነበች ነዎት?» ብትል፣ ሴትዮዋ ባይሰሙም፣ ስሙ የሌላ ቢሆንም፣ ልጅቷን ላለማሳፈር «አዎ ልጄ» ይላሉ። «ስምዎን ማን ልበል፣ እማማ? የአባትዎስ?» ስትል ግን መልሱ ከራሳቸው አፍ ይወጣል። ከዚያ ካርዱን ማየት ነው።

መድኃኒት ልክ የሚለው ዐይንን አለማመን ነው። የፖታሲየም ክሎራይድ ብልቃጥና የመርፌ መበጥበጫ ውሃ ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሳይቀጥን በደም ሥር ቢገባ ልብ ያቆማል። መጠን ላይ ደግሞ ኢንሱሊንን ያህል ጥንቃቄ የሚሻ ጥቂት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ነው። «10 ዩኒት» ለማለት ከቁጥሩ አጠገብ በጥድፊያ የተጻፈች አንዲት የላቲን ፊደል ዜሮ መስላ 100 ተብላ መነበቧ በዓለም ሆስፒታሎች የታወቀ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ዩኒት በሙሉ ቃሉ ይጻፍ ይባላል። መጠኑ ልክ ሆኖም ነገሩ ላያልቅ ይችላል። በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ሲሰጥ፣ ከእያንዳንዱ ቀጣይ መርፌ በፊት የእናቲቱ የጉልበት ምላሽ ይታያል፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መድረሱ ይረጋገጣል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ቅርብ ይቀመጣል። ለትናንቷ ልክ የነበረው መጠን ኩላሊቷ ለደከመው ለዛሬዋ እናት ከልክ በላይ ነው። መድኃኒቱን ማወቅ የሚባለው ይህ ነው፤ አምስቱን መቁጠር ብቻውን አይተካውም።

መግቢያን በተመለከተ «መንገድ» ከማለት «መግቢያ» እላለሁ፤ «ትክክለኛ መንገድ» ስብከት ስብከት ይላል። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በምላስ ሥር፣ በቆዳ ሥር፣ በደም ሥር እንላለን፤ በፊተኞቹ ሁለቱ «ሥር» በታች ማለት ሲሆን በኋለኛው ግን ራሱ ሥሩ፣ ደም የሚሄድበት ቧንቧ ነው። በጥድፊያ የሚነገር ትእዛዝ ላይ ይህ ሊያምታታ ይችላል። ከቆዳ በታች፣ ከምላስ በታች ብንል፣ «ሥር»ንም ለደም ሥር ብንተወው ይሻላል።

ሰዓት ልክ ላይ ደግሞ የውጭ አገር መጽሐፍ የማይነግረን አለ። የዋርድ ካርድ የሚሞላው በአብዛኛው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እዚያ 6 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አስታማሚው መጥቶ «ሲስተር፣ የ6 ሰዓቱን ትሰጪዋለሽ?» ሲል የሚያስበው ቀትርን ነው፤ በካርዱ 12 ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በሁለቱም አቆጣጠር ስላሉ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ዐይን አይጎረብጠውም። በሽተኛው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ደግሞ «በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ይጻፍለታል። ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ ላይ፣ ቀን 7 ሰዓት ምሳ ላይ፣ ማታ 1 ሰዓት እራት ላይ ይወስደዋል፤ ከማታው እስከ ጠዋቱ 13 ሰዓት ባዶ ይሆናል። የታዘዘው በየ8 ሰዓቱ ከነበረ ይህ ልክ አይደለም። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉት ቃላት ከቁጥሩ ጋር አብረው ይነገሩ፤ ያኔ ሁለቱ ሰዓቶች አይጋጩም።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ካርዱ በእንግሊዝኛ፤ ታዲያ የአማርኛው ስም ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ርክክቡ፣ የአስታማሚው ጥያቄ፣ የተማሪዋ የውስጥ ሐሳብ በእንግሊዝኛ አይደለም። ከሱሉልታ ለመጣችው እናትማ አማርኛውም ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ «ቆሪቻ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል የምታውቅ ነርስ ማግኘት መታደል ነው። ከባዕድ ቋንቋ የተቀዳ ሁሉ ይጣል ማለቴም አይደለም። «የጎንዮሽ ጉዳት» የተቀዳ ነው፤ ግን ጎንዮሽ የሚለውን ቃል ከራሳችን አፍ አግኝቶ ቤተኛ ሆነ። «የመድኃኒት አስተዳደር መብት» ውስጥ የተሰካኩት ቃላት የእኛ ናቸው፤ አነጋገሩ ግን የማንም አይደለም።

መብት የሚለውን ቃል የምጠብቅለት ቦታም ስላለ ነው የምቆጨው። ከአምስቱ ሌላ የሚጨምሩ መማሪያዎች አሉ፤ ምዝገባ፣ የታዘዘበት ምክንያት፣ የሰውነት ምላሽ። ከተጨመሩት አንዱ በሽተኛው «አልወስድም» የማለት መብቱ ነው፤ ይህ በእርግጥም መብት ነው። ሁሉንም መብት ብለን ከጨረስነው ይህን በምን እንለየዋለን? ሰውየው «ይቅርብኝ» ሲል ተማሪዋ ተቆጥታ አታስገድደው፣ ክኒኑንም አስታማሚው እጅ ላይ ጥላለት አትሂድ። ለምን እንደሆነ ትጠይቀው፤ አስመልሶት ይሆናል፣ ጾም ይዞ ይሆናል፣ ትናንት ያሳከከው ይሆናል። ጥቅሙን በሚገባው ቋንቋ ታስረዳው። አሁንም እምቢ ካለ ለሐኪሙ ታሳውቅ፤ ካርዱ ላይም «አልወሰደም» ብላ ብቻ አትለፍ፣ ያለውን ምክንያት በራሱ ቃል ትጻፍለት።